ሰማያዊ፣ ቀይ ወይስ ብርቱካናማ? የአምፕሊፋየራችሁ መብራት ማታ ዓይን እንዳይወጋ እንዴት ታስተካክሉታላችሁ

አምፕ ስንገዛ ሁላችንም የምናወራው ስለ ዋቱ ነው፣ ስለ ስፒከሩ ኢንች፣ ብሉቱዝ አለው የለውም ምናምን፣ ግን እቃው ቤት ገብቶ ቡፌው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማታ ማታ ዘፈን ከፍተን ስንቀመጥ ፊት ለፊት የሚያፈጥብን ነገር ያቺ የምስር ፍሬ የምታክል መብራት ናት። ድምፁ አሪፍ የሆነ እቃ ተሸፍኖ የሚቀመጠው፣ ድምፁ መካከለኛ የሆነ አሮጌ እቃ ደሞ ባለቤቱ አልሸጥም ብሎ የሚይዘው፣ ብዙ ጊዜ በመብራቱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ደስ የሚለው ይሄ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው፣ አዲስ አምፕ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ያዙልኝ፦ ቀድማችሁ ድምቀቱን አስተካክሉ፣ ቀለሙ ከዛ በኋላ ይመጣል። ሰው ቀለሙን ጠላሁት ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጠላው ድምቀቱን ነው፣ ያቺው ሰማያዊ መብራት ራሷ በአስር እጥፍ ስትቀንስ ቆንጆ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚ መጀመሪያ ፈትሹ። ማታ ሁሌ ዘፈን የምትሰሙበት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሁሌ የምታበሩትን መብራት ብቻ አብሩ፣ አባጆራ ከሆነ አባጆራ፣ በጨለማ ነው የምሰማው ካላችሁም በጨለማ፣ እና ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆዩ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ይሄን ያህል ጊዜ ይፈልጋል፣ ሱቅ ውስጥ ፍሎረሰንት በርቶ ያያችኋት መብራትና ከ20 ደቂቃ በኋላ ቤታችሁ የምታዩዋት በጭራሽ አንድ አይደሉም። ከዛ ዓይናችሁን ከእቃው አንስታችሁ ግድግዳ ስታዩ የመብራቷ ነጥብ ዓይናችሁ ላይ ከቀረ፣ ወይ አጠገቧ ያለው ጽሁፍ ቮልዩም የሚለው ባስ የሚለው በመብራቷ ተውጦ ካልተነበበ፣ ወይ ደሞ ኮርኒሱ ላይ ቀለሟ ካረፈ፣ በቃ ድምቀቷ በዝቷል። በስልክ ፎቶ አንስቶ መፍረድ አይሆንም፣ የስልክ ካሜራ የበራ ኤልኢዲ (ያቺ ትንሽ መብራት ማለት ነው) መሀሉን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል፣ ትክክለኛ ቀለሙን አያሳይም፣ በዓይናችሁ ነው መፍረድ ያለባችሁ።

አሁን ሰማያዊ ለምን ከሌላው በላይ እንደሚከብድ። ዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ፣ ኮን የሚባሉት ለቀን ናቸው፣ እነሱ ባንድ ላይ በጣም የሚነቁት 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው ወደ ቢጫ ለሚያደላ አረንጓዴ ነው፣ ሮድ የሚባሉት ደሞ ለማታ ናቸው፣ የነሱ ጫፍ ወደ 507 ናኖሜትር ማለትም ወደ ሰማያዊው ጠጋ ያለ ነው፣ ለቀይ ደሞ አይነቁም ማለት ይቻላል። ፑርኪኜ የሚባል የቼክ ሳይንቲስት ይሄን ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተውሎታል፣ ሲመሽ ቀይ አበባ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ግን ደምቆ ይቆያል። ስለዚ ቀን ላይ እኩል የደመቁ የሚመስሉ ቀይና ሰማያዊ መብራት ማታ ላይ ሰማያዊው ጥሎት ይሄዳል። በዛ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ውስጥ ይበተናል፣ የዓይን ሌንስም ቀይና ሰማያዊን እኩል ቦታ ላይ ማሳረፍ አይችልም፣ ለዚህ ነው ከሩቅ ስታዩዋት ዙሪያዋ ብዥ ያለ የምትመስለው። የሰውነታችንን ሰዓት የሚያስተካክሉት የዓይን ሴሎችም በጣም የሚነቁት 480 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ የተለመደው ሰማያዊ ኤልኢዲ ደሞ 465 እና 470 መሀል ስለሆነ በጣም ቅርብ ነው። መኝታ ቤት ስፒከር ያላችሁ ሰዎች ይሄን በደንብ አስቡበት።

ታሪኩን ማወቅም ይጠቅማል፣ አንዱ ቀለም የድሮ ሌላው ዘመናዊ የሚመስለን በሱ ምክንያት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከኤልኢዲ በፊት የነበረው ተራ ትንሽዬ አምፖል ነው፣ ፊቱ ላይ ባለቀለም ብርጭቆ ወይ ወረቀት ይደረግለታል። ኒክ ሆሎኒያክ ጀነራል ኤሌክትሪክ እያለ የሚታይ ቀይ ብርሃን ያለውን ኤልኢዲ የሰራው በ1962 ነው፣ ከዛ ቀዩ ረከሰ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ተከተሉ፣ የ70ዎቹና የ80ዎቹ ኤልኢዲ ያለው ቴፕና አምፕ ሁሉ በነዚህ ሶስት ቀለሞች ነው የተሞላው። ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን የለም ማለት ይቻል ነበር። ጠንከር ያለ ሰማያዊ ኤልኢዲ የመጣው ሹጂ ናካሙራ ጃፓን ውስጥ ኒቺያ ኩባንያ እያለ በ1993 ነው፣ እሱና ሌሎች ሁለት ጃፓን ተወላጆች አካሳኪና አማኖ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የወሰዱት በዚሁ ስራ ነው። መጀመሪያ ላይ ውድ ስለነበር ሰማያዊ መብራት ያለው እቃ አዲስ ነው ውድ ነው ማለት ነበር፣ አምራቾቹም ወደዚያው ዞሩ፣ ከዛ ዋጋው ወረደና ቻርጀሩም ራውተሩም ሰማያዊ ሆነ። አሁን አንድ አምፕ ላይ የምትወጋ ሰማያዊ ነጥብ ሳይ እኔ የምገምተው ዋጋው ርካሽ እንደሆነ ነው፣ እቃው ጥሩም ቢሆን።

ሰማያዊ የሚያምርበት ቦታ ግን አለ፣ እሱም ማኪንቶሽ ነው። የአሜሪካው ማኪንቶሽ ከ1949 ጀምሮ ያለ የአምፕ ኩባንያ ነው፣ ጥቁር መስታወት ፊት፣ አረንጓዴ የሚበራ ስም፣ ከስሩ ትላልቅ ሰማያዊ ሜትሮች (የድምፁን ኃይል በመርፌ የሚያሳዩ መለኪያዎች)፣ ሰው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከሩቅ ነው የሚለየው። ልብ በሉ፣ እዛ ላይ ሰማያዊው ነጥብ አይደለም፣ ሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጋ ለስላሳ ብርሃን ነው፣ ከሜትሩ ጀርባ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ መሀሉ ላይ ደሞ ጥቁር መርፌ ከዘፈኑ ጋር ትወዛወዛለች፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አለው ማለት ነው። ያንኑ ሰማያዊ ወደ 3 ሚሊሜትር ነጥብ ስታጠጋጉት ግን መርፌ ይሆናል። እና ሰማያዊ ከፈለጋችሁ ደንቡ ይሄ ነው፦ ሰፊ፣ ደብዛዛ፣ ከሆነ ነገር ጀርባ።

ሌሎቹም የራሳቸው ቀለም አላቸው። የእንግሊዙ ናይም ለብዙ ዓመት ጥቁር ሳጥን ላይ አረንጓዴ የሚበራ አርማ ብቻ ነበር የሚያደርገው፣ ሌላ ምንም የለም፣ የኋለኞቹ ላይ ነጭ አድርጎታል፣ ለኔ አረንጓዴው ይሻለኛል። የፓዮኒር ኤስኤክስ-1250፣ የ1976ቱ፣ የራዲዮ መስመሩ (የጣቢያ ቁጥሮቹ ያሉበት) ወርቃማ ብርሃን ነው፣ ከእንጨት ሳጥኑና ከብርማ ፊቱ ጋር የተፈጠሩ ይመስላሉ። ቴክኒክስ ደሞ ዲጄዎች የሚያውቁት የሸክላ ማጫወቻ ኤስኤል-1200 ላይ ፕላተሩ (ሸክላው የሚቀመጥበት ክብ) ጠርዝ ያሉትን ነጥቦች የሚያበራው ቀይ መብራት ለዓመታት መለያው ነበር፣ በ2019 የወጣው ኤምኬ7 ላይ ግን ፕላተሩን አንስታችሁ ከስሩ ባለች ትንሽ ማብሪያ ቀይ ወይ ሰማያዊ መምረጥ ትችላላችሁ። ይሄን ያህል ትልቅ ኩባንያ የአንዲት መብራት ቀለም ባለቤቱ ይምረጥ ብሎ ማብሪያ ካስቀመጠ ነገሩ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

እሺ ለናንተ እቃ የቱ ቀለም ነው የሚሄደው? የኔ አስተያየት ይሄ ነው። ፊቱ ብርማ ወይ ሻምፓኝ ከሆነ፣ በተለይ ጎኑ እንጨት ከሆነ፣ ብርቱካናማ ወይ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ማለትም 2700 ወይ 3000 ኬልቪን የሚባለው፣ ቀዝቃዛ ነጭ ብርማ ላይ ስታደርጉ ሆስፒታል ነው የሚመስለው። ጥቁር ፊት ላይ ቀይም አረንጓዴም ብርቱካናማም ያምራል፣ ቀይ በተለይ ጨለማ ውስጥ ለሚሰማ ሰው ከሁሉም ይሻላል ምክንያቱም ዓይኑ የለመደውን ጨለማ አያበላሽበትም። ጥቁር መስታወት ፊት ብቻ ነው ሰማያዊና ነጭን በደንብ የሚሸከመው።

ሶስት አራት እቃ ደርድራችሁ ከሆነ ደሞ፣ አምፑ ሰማያዊ ሲዲው አረንጓዴ ብሉቱዙ ነጭ ስታብላይዘሩ ቀይ ሆኖ ሁሉም ለየብቻ ሲጮህ፣ አንድ ዋና ቀለም ምረጡና ሌሎቹን ወይ ወደሱ አምጧቸው ወይ ሸፍኗቸው። ቀይን ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፣ ቴፕ ላይ የመቅጃዋ መብራት ቀይ ናት፣ አምፕ ሲበላሽ ወይ ሲግል የምትበራዋም ብዙ ጊዜ ቀይ ናት፣ በማሽን ዓለም ቀይ አደጋ፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ አረንጓዴ ደህና ነው የሚለው ስምምነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈ ነው፣ እሱን ማምታታት ለሌላ የቤት ሰውም ጥሩ አይደለም።

የ80ዎቹና የ90ዎቹ ባለ ኢኳላይዘር ዴኮች፣ እነ አይዋ እነ ሶኒ፣ ቀይ አረንጓዴ ብርቱካናማ እየዘለለ የሚጨፍረው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እዛ መብራቱ ራሱ ጭፈራው ነው፣ ለሰርግ ለልደት የተሰራ ነው፣ እሱን አትንኩት።

ወደ ስራው እንግባ። እቃውን ሳትከፍቱ ከሚሰራው ጀምሩ። ሪሞቱ ላይ ወይ ሜኑ ውስጥ ዲመር የሚል ነገር ካለ እሱን ሞክሩ፣ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ከሌለ ቀላሉ መንገድ መሸፈን ነው፣ ጥቁር ናስትሮ ሙሉ በሙሉ ያጠፋታል፣ መጥፋት ካልፈለጋችሁ ቧንቧ ሰራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ሁለት ሶስት እጥፍ አድርጋችሁ በመብራቷ ልክ ቆርጣችሁ ለጥፉባት፣ ድምቀቱን ቀንሶ ብርሃኑን እኩል ይበትነዋል፣ ነጥቡ ለስላሳ ክብ ይሆናል፣ እኔ ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። ፐርማነንት ማርከርም ይሰራል፣ የጥፍር ቀለምም ይሰራል፣ ነገር ግን የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ አሴቶን ካደረጋችሁ የእቃውን ፕላስቲክ ፊት ይበላዋል፣ ስለዚ ለዘላለም ካልሆነ አታድርጉት። ስትሸፍኑ ደሞ የሪሞቷን መቀበያ መስኮት እንዳትሸፍኑ፣ ብዙ ጊዜ ከመብራቷ አጠገብ ያለች ጥቁር ነገር ናት፣ ከዛ ሪሞቱ ተበላሸ ብላችሁ ባትሪ ስትቀይሩ ትውላላችሁ።

ቀለም በባለቀለም ላስቲክ መቀየር የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ ቢጫ ፎስፈር (ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ የሚያበራ ነገር) ተቀብቶ ነው ነጭ የሚሆነው፣ ስለዚ ሁሉም ቀለም በተወሰነ መጠን አለው፣ ብርቱካናማ ላስቲክ ብታደርጉበት ብርቱካናማ ይሆናል፣ ቀይም ብታደርጉ በተወሰነ ደረጃ ይቀላል። ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ግን ብርቱካናማ ላስቲክ ብታደርጉ ብርቱካናማ አይሆንም፣ ይጠቁራል፣ ምክንያቱም ውስጡ ብርቱካናማ ብርሃን የሚባል ነገር የለም፣ ላስቲክ ደሞ ያለውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ከሰማያዊ ወደ ሌላ መሄድ ከፈለጋችሁ ኤልኢዲውን ራሱን መቀየር ብቻ ነው ያለው።

እንግዲህ መክፈት ከመጣ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አምፕ ውስጥ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁና በመልቲሜትር ለኩ፣ አሁንም ቮልቴጅ ካለ በካቻቢቴ ሾርት አታድርጉ፣ ከ100 ኦም እስከ 1 ኪሎኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ነው ቀስ ብሎ የሚለቀቀው። ቱቦ ያለው አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ አምፖል በሚመስሉ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሰራው) ከሆነ ውስጡ ከ300 እስከ 500 ቮልት ሊኖር ስለሚችል ልምድ ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት፣ ለአንዲት መብራት ተብሎ እንደዛ አይደረግም።

ተራ ትራንዚስተር አምፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤልኢዲዋ ከአንድ ሬዚስተር ጋር ነው ያለችው፣ ድምቀቷን የሚወስነው እሱ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ከሚመጣው ቮልቴጅ ላይ ኤልኢዲዋ የምትበላውን ቀንሱ፣ በምትፈልጉት አምፒር አካፍሉ። ቀይ 1.8 ቮልት ገደማ ትበላለች፣ ሰማያዊና ነጭ በተለመደው አምፒር ከ3 ቮልት በላይ፣ አምፒሩ በጣም ሲቀንስ ወደ 2.7 አካባቢ። 12 ቮልት ላይ ያለች ቀይን በ2 ሚሊአምፒር ለማብራት 12 ሲቀነስ 1.8 ይሆናል 10.2፣ እሱ ሲካፈል ለ0.002 ይሆናል 5100 ኦም፣ ስለዚ 4.7 ወይ 5.1 ኪሎኦም። ሰማያዊዋን ማታ እንዳትወጋ ከፈለጋችሁ ግን በ0.2 ሚሊአምፒር ሞክሯት፣ 12 ሲቀነስ 2.7 ይሆናል 9.3፣ እሱ ሲካፈል ለ0.0002 ይሆናል 46,500፣ 47 ኪሎኦም ማለት ነው። አዎ 47 ኪሎ፣ የተሳሳተ ቁጥር አይደለም፣ የአሁን ኤልኢዲዎች በዚህ አምፒርም በደንብ ይታያሉ። ብዙ ርካሽ አምፕ ላይ 1 ኪሎኦም ነው የምታገኙት፣ ያ ማለት 9 ሚሊአምፒር ገደማ፣ ለዛ ነው ሳሎኑን የሚያበራው። ሬዚስተሩን ብቻ ቀይራችሁ ኤልኢዲውን ሳትነኩ ስራው ሊያልቅ ይችላል። ኤልኢዲም ከቀየራችሁ ረጅሟ እግር ፖዘቲቭ ናት፣ ጠርዟ ጠፍጣፋ የሆነችው ነጋቲቭ። ጥርት ካለ ግልጽ ኤልኢዲ ይልቅ ወተት የመሰለውን ግዙ፣ ካጣችሁ ጫፉን 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ ትንሽ ፈተግ አድርጉት፣ ልክ እንደዛው ይሆናል። ስታኞው ሲቀልጥ ቶሎ ጨርሱ፣ ኤልኢዲ ረጅም ሙቀት አይወድም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ፣ እነዚህን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። አንደኛው፣ አንዳንድ አምፕ ውስጥ ቦርዱ ላይ ያሉ ቀይ ኤልኢዲዎች ለማየት የተቀመጡ አይደሉም፣ ቀይ ኤልኢዲ 1.7 ወይ 1.8 ቮልት ላይ ረግቶ ስለሚቆም ሰርኪቱ እንደ መለኪያ ይጠቀምበታል፣ እሱን በሰማያዊ ከቀየራችሁ ትራንዚስተሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል፣ አምፑ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ፊቱ ላይ ያለችውን ብቻ ነው መንካት፣ ውስጥ ቦርድ መሀል ያለችውን ተዉት። ሁለተኛው፣ አዲስ እቃ ላይ ኤልኢዲዋን የሚያበራው በ3.3 ቮልት የሚሰራ ቺፕ ከሆነ ቀይዋን አውጥታችሁ ሰማያዊ ወይ ነጭ ብታስገቡ ወይ በጣም ትደበዝዛለች ወይ ጭራሽ አትበራም፣ እዛ ላይ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ ወይ ወደ ቢጫ-አረንጓዴ ብትሄዱ ነው የሚያዋጣችሁ፣ ሁለቱም 2 ቮልት አካባቢ ናቸው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፣ የ70ዎቹ ሪሲቨር። የዲሹን ማለቴ አይደለም፣ ራዲዮና አምፕ ባንድ ሳጥን ያለውን። ማራንትዝ 2270ን ውሰዱ፣ በ1971 የወጣ፣ በቻናል 70 ዋት። ሲጠፋ የራዲዮ መስመሩ ጥቁር ነው፣ ምንም አይታይም፣ ስታበሩት ቁጥሮቹ በሰማያዊ ብቅ ይላሉ፣ ግን የአሁኑ ኤልኢዲ ሰማያዊ አይደለም፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል፣ ልስልስ ያለ። ይሄ ቀለም ከየት እንደሚመጣ ማየት ከፈለጋችሁ ክዳኑን አንስታችሁ ማዞሪያዎቹን ነቅላችሁ ፊቱን አውጡ። ከመስመሩ ጀርባ ረጅም ጠባብ ሳጥን አለ፣ ውስጡ ፊውዝ የሚመስሉ የብርጭቆ አምፖሎች በመያዣ ላይ ተኝተዋል፣ ከፊታቸው ሰማያዊ ስስ ወረቀት አለ። የተራ አምፖል ብርሃን ቢጫ የበዛበት ሰማያዊ ያነሰበት ስለሆነ በዛ ወረቀት ሲያልፍ ነው ያ ልስልስ ያለ ቀለም የሚወጣው። ወረቀቱን በደንብ ካያችሁት ልክ አምፖሎቹ ባሉበት ትይዩ ቡናማ ሆኗል፣ ከሃምሳ ዓመት ሙቀት ነው፣ 8 ቮልት ላይ 0.3 አምፒር የሚወስድ አምፖል 2.4 ዋት ነው፣ አምስት ቢደረደሩ 12 ዋት፣ ያ ሁሉ በጠባብ ቦታ ውስጥ። መስመሩ ላይ ቢጫ ወይ የደከመ ቦታ የምታዩት ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚያበላሸው። ኢንተርኔት ላይ የኤልኢዲ ኪት ይገዛል፣ ቀዝቃዛ ነጭ ይመርጣል፣ ይገጥማል፣ መስመሩ የኤሌክትሪክ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። አንዳንዱ ሰው ይሄን ይወደዋል፣ መብቱ ነው፣ ለኔ ግን እቃው ሌላ እቃ ይሆንብኛል፣ ያ የድሮ ማራንትዝ የሚያስብለው ነገር ይጠፋል። ሞቅ ያለ ነጭ ግዙና ወረቀቱን በአዲስ ሰማያዊ ወረቀት ቀይሩት፣ ያኔ ወደ ጥንቱ ትቀርባላችሁ፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ኪት ካልገዛችሁና ራሳችሁ ከሰራችሁት ደሞ አምፖሎቹ የሚበሩት በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) መሆኑን እወቁ፣ ኤልኢዲ ቀጥታ ብትገጥሙ ይርገበገባል፣ በተቃራኒ ሲመጣበትም 5 ቮልት ገደማ ካለፈ ሊሞት ይችላል። ስለዚ በአራት ዳዮድ ብሪጅ አድርጋችሁ 100 ማይክሮፋራድ ባለ 25 ቮልት ካፓሲተር ጨምሩ፣ 8 ቮልት ኤሲ ከዛ በኋላ ወደ 10 ቮልት ዲሲ ይሆናል፣ ለአንድ ነጭ ኤልኢዲ 5 ሚሊአምፒር ከፈለጋችሁ 10 ሲቀነስ 3፣ 7 ሲካፈል ለ0.005፣ 1400 ኦም፣ 1.5 ኪሎ ግጠሙ። በተለያየ ሬዚስተር እየሞከራችሁ ማታ ላይ እዩት።

ፊቱን ስታወጡ የመስመሩን መስታወት ጀርባ በመስታወት ማጽጃ እንዳትነኩት፣ በጭራሽ። ቁጥሮቹ የታተሙት በጀርባው ነው፣ በአንድ ጊዜ ጠረጋ ይለቃሉ፣ ከለቀቁ መመለሻ የለም። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ ጀርባውን ከተቻለ ጭራሽ አለመንካት።

የስቴሪዮ ምልክቷ ላይም አንድ ነገር አለ፣ አንዳንድ ሪሲቨር ላይ ያቺ አምፖል ጠፍታ እያለም ትንሽ ከረንት ያልፍባታል፣ አምፖል በዛ አይበራም፣ ኤልኢዲ ግን ይበራል፣ ስለዚ ጣቢያ ባይያዝም ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ከኤልኢዲዋ ጎን ለጎን አንድ ሬዚስተር በማሰር ይፈታል፣ ካልሆነም እዛች ቦታ ላይ አምፖሏን መተው ነው፣ ነውር የለውም።

ስለ ቱቦ አምፕ ትንሽ። የቱቦው ውበት ማሞቂያው የሚሰጠው ደብዛዛ ብርቱካናማ ነው፣ አሁን ግን ብዙ ርካሽ ፕሪአምፕ ከቱቦው ስር ብርቱካናማ ወይ ሰማያዊ ኤልኢዲ ተደርጎ ነው የሚመጣው። መለየት ቀላል ነው፣ ስታበሩት ብርሃኑ ወዲያው ሙሉ ሆኖ ከበራ ኤልኢዲ ነው፣ የእውነቱ ማሞቂያ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀላው። ኤልኢዲዋን ቆርጣችሁ ብታወጡ ድምፁ አይለወጥም፣ የእውነቱን ብርሃን ታያላችሁ፣ ትንሽ ነው ግን የእውነት ነው። አንዳንድ ትልቅ ቱቦ መስታወቱ ላይ የሚያሳየው ሰማያዊ ጭጋግ ደሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ። ማኪንቶሽም ኤምሲ275 የሚባለውን የ1961 ቱቦ አምፑን በአዲስ መልክ ሲያወጣው ከትናንሾቹ ቱቦዎች ስር ኤልኢዲ ጨምሮበታል፣ ሲሞቅ ብርቱካናማ ከዛ አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን ማጥፋት ይቻላል፣ እኔ ብሆን አጠፋው ነበር።

የሲዲ ማጫወቻና የዴክ ላይ ያለው ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ሰማያዊ የሚበራ ቁጥር ቪኤፍዲ ይባላል፣ እሱን ራሱን ቀለሙን መቀየር አይቻልም፣ ግን ብርሃኑ ውስጥ ብዙ ቀለም ስላለ ከፊቱ አረንጓዴ ላስቲክ ብታደርጉ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንድ አምራቾችም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ብዙ ሰዓት ሲበራ ይደክማል፣ ስለዚ ዲመር ካለው ዝቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙ፣ ዓይንም ያርፋል እድሜውም ይረዝማል። የድሮ ቱቦ ራዲዮ፣ እነ ፊሊፕስ እነ ግሩንዲግ፣ ጣቢያ ሲያዝ እየጠበበች የምትሄደው አረንጓዴ ዓይንም እንዲሁ ፎስፈሯ ነው የሚያልቀው፣ በእጃችሁ ጤነኛ ያለች ካለች ሳትሰሙበት አብርታችሁ አትተዉት።

አሮጌ እቃ ልትገዙ ስትሄዱ መብራቱን በቀን አትፍረዱ፣ መጋረጃ አስዘጉና እዩት፣ ሁሉም ቁጥር እኩል ይበራል ወይ፣ አንድ ጎን ጨለማ ነው ወይ፣ ሰው ገብቶ ቀዝቃዛ ሰማያዊ ገጥሞበታል ወይ። የሞተ አምፖል አያስፈራ፣ ርካሽ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ነጥብ ነው። የደከመ ቪኤፍዲ ግን ሌላ ነው፣ መለዋወጫው አይገኝም፣ እሱ ካለ ወይ ተዉት ወይ በጣም ቀንሱ።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ደሞ አሮጌ ሪሲቨር ወደ አዲስ አበባ ስትልኩ ጀርባውን እዩ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ከመብራቱም አልፎ ይቃጠላል፣ ዋቱን የሚችል ዝቅ ማድረጊያ ትራንስፎርመር አብሮ መላክ ግድ ነው፣ አንዳንዱ ሞዴል ግን ከጀርባው ቮልቴጅ መምረጫ አለው፣ እሱ ካለ አዙሮ መጠቀም ይቻላል። ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደሞ ተራ አምፖሎቹ ናቸው ቀድመው የሚሄዱት፣ የአምፖል እድሜ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲጨምር ወደ አንድ ሶስተኛ ነው የሚወርደው። ስለዚ ወይ ጥሩ ስታብላይዘር፣ ወይ ሞቅ ያለ ነጭ ኤልኢዲ፣ ወይ ሁለቱንም፣ አምፖሉን እንደነበረ መተው የምትፈልጉ ከሆነ ደሞ ሁለት ሶስት መለዋወጫ አብራችሁ ላኩ፣ ቮልቱና አምፒሩ ጫፉ ላይ ባለው ብረት ተጽፎ ስለሚገኝ አንዱን ነቅላችሁ አንብቡት።